እምነት ከመስማት ከሆነ፣ እየሰማን የማናድገው ለምንድን ነው?

ንጋት (ርዕሱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ወንድሞችና እህቶች።

ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲያመላልሰኝ የቆየ ጥያቄ አለ። ጳውሎስ በሮሜ 10፥17 «እምነት ከመስማት ነው መስማትም በእግዚአብሔር ቃል ነው» ይላል። ሲያነቡት ቀላል ነው። ቃሉ ይነገራል፣ ሰው ይሰማል፣ ያምናል። በዙሪያችን የምናየው ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ምንም የማይመስለው አለ። አንዲት ጥቅስ ሰምቶ ሕይወቱ የተለወጠ አለ። በየሳምንቱ ስብከት እየሰማ ከዓመት ዓመት እዚያው የቆመም አለ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ቃሉ እምነትን የሚሰጠን እንዴት ነው? ካመንን በኋላስ በቃሉ የምናድገው በምን መንገድ ነው? «ጸልዪ፣ አንብቢ» የሚለው መልስ ትክክል ነው፤ አልጣልኩትም። ግን ሰው ሲያነብ ውስጡ ምን እንደሚሆን የሚነግረኝ እፈልጋለሁ።

ከየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ብትሆኑ ጻፉልኝ። «የእኛ ትክክል ነው፣ የእናንተ ስህተት ነው» ወደሚለው ግን እባካችሁ አንግባ።

የበርያ_ሰው

ንጋት እህቴ፣ ጥያቄሽን ጳውሎስ ራሱ ያውቀዋል። ከቁጥር 17 በፊት ያለውን ቁጥር 16ን ተመልከቺ። ሁሉም ለወንጌል እንዳልታዘዙ ይናገራል። ከዚያ ኢሳይያስን ይጠቅሳል፤ ነቢዩ «የነገርነውን ማን አመነ?» ብሎ ያዘነበትን ቦታ። «እምነት ከመስማት ነው» የሚለው የመጣው ሰምተው ስላላመኑ ሰዎች እየተናገረ ሳለ ነው። ስለዚህ የሰማ ሁሉ ያምናል ማለቱ አይደለም። ያመነ ሰው ግን ያመነው ሰምቶ ነው። ከራሱ ስሜት ወይም ከራሱ ሐሳብ አውጥቶ አላመነም።

ሁለተኛው ነገር የሚሰማው ምንድን ነው የሚለው ነው። በዮሐንስ 5፥39-40 ጌታ የሚያናግራቸው ሰዎች መጻሕፍትን የሚመረምሩ ነበሩ። እንደኛ ጥቅስ ለማግኘት ገጽ የሚያገላብጡ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በቃላቸው የያዙ ናቸው። መጻሕፍቱ ስለ እኔ ይመሰክራሉ፣ እናንተ ግን ወደ እኔ ልትመጡ አትወዱም አላቸው። ችግራቸው የእውቀት ማነስ አልነበረም።

እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። እምነት ማለት በአንድ አካል መታመን ነው። የማታውቂውን ሰው ማመን አትችይም። ቃሉ ክርስቶስን ያሳውቅሻል፤ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳደረገ፣ ለኃጢአተኛ እንዴት እንደሆነ። ከዚያ ልብሽ ይደገፍበታል። ሰው መጽሐፉን መረጃ ብቻ ፍለጋ ሲያነበው መረጃ ያገኛል። እሱን ፍለጋ ሲያነበው ግን እሱን ያገኛል። ዮሐንስም በ20፥31 ወንጌሉን የጻፈበትን ምክንያት ሲናገር እንድታምኑ፣ አምናችሁም በስሙ ሕይወት እንዲሆንላችሁ ነው የሚለው።

ምሕረት_በዝቶልኛል

ወንድሜ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ልብ ካልተከፈተ ያ ሁሉ እውነት ከውጭ ይቀራል።

የልድያን ታሪክ እዩ፣ ሐዋርያት ሥራ 16። ፊልጵስዩስ ውስጥ በወንዝ ዳር የተሰበሰቡት ሴቶች ብዙ ነበሩ። ስብከቱ አንድ ነው፣ ሰባኪው አንድ ነው። ሉቃስ ስለ እሷ የሚጽፈው ጳውሎስ የሚናገረውን ታዳምጥ ዘንድ ጌታ ልቧን ከፈተላት ብሎ ነው። ጎበዝ አድማጭ ነበረች አላለም። ደቀ መዛሙርቱስ? ከጌታ ጋር ሦስት ዓመት ያህል ኖረው፣ ከትንሣኤው በኋላ እንኳ መጻሕፍትን ያስተውሉ ዘንድ አእምሮአቸውን እሱ መክፈት ነበረበት (ሉቃስ 24፥45)።

ለዚህ ነው ከማንበብ በፊት መጸለይ ለይስሙላ አይደለም የምለው። መዝሙር 119 (በግሪኩ ትርጉም አቆጣጠር 118) 176 ቁጥር ያለው ረጅም መዝሙር ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ስለ እግዚአብሔር ቃል ነው። ዘማሪው ሕጉን እንዲያ እየወደደ «ዓይኖቼን ክፈት» ይላል። እሱ ይህን ካለ እኛማ!

ጠያቂው

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ልግባ። ልብ የሚከፍተው እግዚአብሔር ከሆነ የኔ ድርሻ ምንድን ነው? ተቀምጬ እስኪከፈትልኝ ልጠብቅ? እኔ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ነኝ። «ዝም ብለህ እመን» ስባል ይጨንቀኛል። ጥያቄ ማብዛት እምነት ማነስ ነው ማለት ነው?

የበርያ_ሰው

ጠያቂው ወንድሜ፣ ስሜን ከየት ያመጣሁት ይመስልሃል? ሐዋርያት ሥራ 17፥11። የቤርያ ሰዎች ቃሉን በሙሉ ፈቃድ ተቀበሉ፣ ነገሩ እንደዚያ መሆኑንም በየቀኑ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የሚመረመረው እኮ የጳውሎስ ስብከት ነው! ሉቃስ ለዚህ ልበ ሰፊዎች ብሎ አመሰገናቸው። ቁጥር 12 ላይ ደግሞ ከእነርሱ ብዙዎች አመኑ ይላል። መመርመራቸው ከማመን አልከለከላቸውም፣ ወደ ማመን አደረሳቸው እንጂ።

መቀመጥና መጠበቅ ላልከው ደግሞ፣ ልድያ ልቧ የተከፈተው ተቀምጣ እየሰማች ሳለ ነው። የሚከፍተው እሱ ነው። አንተ ቃሉ በሚነገርበት ቦታ ተገኝ።

እማማ_ጸሎት

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ሁላችሁም «ማንበብ» «ማንበብ» ትላላችሁ። ጳውሎስ ግን «መስማት» ነው ያለው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት አብዛኛው አማኝ መጽሐፍ በእጁ አልነበረውም። ማተሚያ በአውሮፓ የተስፋፋው በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት መጽሐፍ በእጅ ነበር የሚገለበጠው፣ ውድም ነበር። ታዲያ እምነታቸው በምን አደገ? በጉባኤ ሲነበብ ሰምተው ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን እስክመጣ ድረስ ለማንበብ ተጠንቀቅ ሲለው (1 ጢሞ 4፥13) በሕዝብ ፊት ስለሚነበበው ነው። የዮሐንስ ራእይም ገና ሲጀምር ብፁዕ የሚለው የሚያነበውንና የሚሰሙትን ነው። አንባቢው አንድ፣ ሰሚዎቹ ብዙ።

አባ እንጦንስን ታውቃላችሁ። በ3ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበረ ወጣት ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሳለ ወንጌል ይነበብ ነበር፤ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» የሚለው፣ ማቴዎስ 19፥21። ለሌላ ሰው የተነገረ ነው ብሎ አላለፈውም። ወጥቶ ያለውን ሰጠ። ታሪኩን የጻፈው አትናቴዎስ ሲነበብ እንዲህ አጥብቆ ያደምጥ ስለነበር የሰማው አይጠፋውም፣ ትውስታው በመጽሐፍ ምትክ ሆነለት ይላል።

ስለዚህ ንጋት ልጄ፣ ዛሬ ስንት ሰው ነው ሲነበብ የሚሰማ? ምንባቡ ሲጀመር ስልክ ይከፈታል። ስብከቱን እንጠብቃለን፣ ምንባቡን ግን እንደ መግቢያ እናየዋለን። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ምንባቡ እኮ ቃሉ ራሱ ነው።

ንጋት

እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉት ስለ ምንባቡ በጣም ነካኝ። ከአሁን በኋላ ምንባብ ሲጀመር በሌላ ልብ ነው የምቀመጠው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ የተመለሰልኝ ይመስለኛል። ሁለተኛውስ? እንዴት ነው የምናድገው?

ሰሚና_አድራጊ

እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ስለዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም።

በቃሉ የምናድገው ስንታዘዘው ነው። በማቴዎስ 7 መጨረሻ ያሉትን ሁለት ቤት ሠሪዎች ተመልከቱ። ሁለቱም ሰምተዋል! አንዱ ሰምቶ ሌላው ሳይሰማ የቀረ አይደለም። ዝናቡ ጎርፉ ነፋሱም ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ አደረገው፣ አንዱ አላደረገውም። ብዙ ጊዜ ቤቱ የወደቀበትን ሰውዬ ቃሉን ያልሰማ ዓለማዊ አድርገን እንስለዋለን። ከጉባኤው መካከል የተቀመጠ ሰው ነው።

በተግባር ምን ማለት ነው? ማቴዎስ 5፥23-24ን አነበብክ እንበል። መባህን ይዘህ ሳለ ወንድምህ በአንተ ላይ የሆነ ነገር እንዳለው ብታስብ፣ መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ይላል። እዚህ ጋ ሁለት ምርጫ አለህ። ወደ ቁጥር 25 ማለፍ፣ ወይም ስልክ አንስቶ መደወል። የደወለው ሰው እርቁ ባይሳካ እንኳ አንድ ነገር ያውቃል። ክርስቶስ የሚለው የሚኖሩበት ነገር እንደሆነ ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ከባድ ትእዛዝ ሲያነብ ፍርሃቱ ይቀንሳል። እምነት አደገ የምለው ይህን ነው። ዮሐንስ 7፥17 ላይ ጌታ ፈቃዱን ሊያደርግ የሚወድ ትምህርቱ ከእግዚአብሔር እንደሆነ ያውቃል ይላል። ማወቁ የሚመጣው በማድረግ መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ለምን አናድግም ለሚለው አጭር መልሴ ካለፈው ሳምንት ቃል ምኑን እንዳደረግነው ማንም ስለማይጠይቀን ነው።

ጸጋ_ብቻ

ወንድሜ ሰሚና_አድራጊ፣ ቅንዓትህን አከብራለሁ። ግን እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የሄዱ ብዙ ሰዎች ደክመው ቀርተዋል። ቃሉን በከፈቱ ቁጥር የሚያዩት ያላደረጉትን ዝርዝር ብቻ ሆነ። በመጨረሻ መክፈቱንም ተዉት።

ገላትያ 3ን አንብብ። ጳውሎስ መንፈስን የተቀበላችሁት በሕግ ሥራ ነው ወይስ ከእምነት ጋር በሆነ መስማት? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ አይደለም። በመንፈስ ጀምራችሁ አሁን በሥጋ ትፈጽማላችሁን? ይላል። የጀመርንበት መንገድና የምናድግበት መንገድ አንድ ነው፤ የምሥራቹን በእምነት መስማት። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ማርቲን ሉተር ለዓመታት «የእግዚአብሔር ጽድቅ» የሚለውን ሲያነብ ይፈራ ነበር፤ የሚቀጣበት ጽድቅ መስሎት። ሮሜ 1፥17 ላይ ግን ለሚያምን የሚሰጥ ጽድቅ እንደሆነ ሲገባው የገነት በር የተከፈተለት ያህል ተሰማው። ያው ጥቅስ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስፈራው ሳይሆን የሚወደው ሆነ።

እኔ ትእዛዝን ከማንበቤ በፊት ተስፋውን እፈልጋለሁ። እዚህ ምንባብ ውስጥ እግዚአብሔር ምን አደረገልኝ? ከዚያ ነው ምን ልታዘዝ የሚለው።

ሰሚና_አድራጊ

አብርሃምስ? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ፣ አብርሃም ልጁን ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ባቀረበ ጊዜ እምነቱ በሥራ ተፈጸመ ይላል እኮ።

ጸጋ_ብቻ

ጥሩ፣ አብርሃምን እንውሰድ። ሲጠራ 75 ዓመቱ ነበር (ዘፍጥረት 12)። ይስሐቅ ሲወለድ 100 (ዘፍጥረት 21)። በመካከል ያለው 25 ዓመት ምን ነበር? አንድ የተስፋ ቃል፣ እየተደጋገመ። በምዕራፍ 15 ከዋክብትን አሳየው፤ አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት። በምዕራፍ 16 የሣራ አገልጋይ አጋር መጣች፤ ልጅ ከእሷ ወለደ። በምዕራፍ 17 ሳቀ። እግዚአብሔር ግን ያንኑ ቃል ደገመለት። ልጁን ሊሠዋ የወጣበት ሞርያ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ምዕራፍ 22። ያን ቀን የታዘዘው እምነት በተስፋው ቃል ተመግቦ ያደገ ነው። መታዘዙን አልካድኩም። ከየት እንደመጣ ነው የምለው።

ሰሚና_አድራጊ

እሺ። እኔ ግን ይህንንም አክልበታለሁ፤ አብርሃም በ75 ዓመቱ ከቤቱ ባይወጣ ኖሮ ምዕራፍ 15ን ማን ያይ ነበር? ወጥቶ ነው ከዋክብቱን ያየው። የተለያየን አይመስለኝም ወንድሜ፤ አንተ ለደከመው ትናገራለህ፣ እኔ ለተኛው።

አዲስ_ገቢ

እኔ በእምነት ገና ነኝ፣ ክርክራችሁ ትንሽ ከበደኝ :) ግን ደስ ይላል። ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከየት ልጀምር? በዓመት የሚያስጨርስ የንባብ ፕሮግራም ጀምሬ ዘሌዋውያን ላይ ቆሜያለሁ። ሌላው ደግሞ፣ አንዳንድ ሰዎች መጽሐፉን እንዲሁ ከፍተው ዓይናቸው ያረፈበትን ቃል ለእለቱ ይወስዳሉ። የቤተ ክርስቲያን አባት የሚባለው አውግስጢኖስም እንዲህ አድርጎ ነው ያመነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የበርያ_ሰው

አዲስ_ገቢ እንኳን መጣህ! ከኋለኛው ልጀምር።

የአውግስጢኖስ ታሪክ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው የሚነገረው። በ386 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በሚላን አንድ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ሲያለቅስ «አንሣና አንብብ» የሚል የሕፃን ድምፅ ሰማ። መጽሐፉን ከፈተ፣ ዓይኑ ያረፈው ሮሜ 13፥13-14 ላይ ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ግን የከፈተው መጽሐፍ የጳውሎስ መልእክቶች ነበር፤ ከዚያ በፊት ጀምሮ ሲያነበው የነበረ። የከተማዋን ጳጳስ የአምብሮስዮስን ስብከትም ሚላን ከመጣ ጀምሮ ሲሰማ ቆይቷል። እናቱም ለዓመታት አልቅሳለታለች። ያቺ ጥቅስ የወደቀችው ብዙ በታረሰ ልብ ላይ ነው። ያንን ሁሉ ትቶ የመጨረሻውን ደቂቃ ብቻ መኮረጅ አያስኬድም።

ጥቅስ መንጠቅ ምን እንደሚያደርግ ኤርምያስ 29፥11ን እይ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው በየቦታው ተለጥፏል። ቁጥር 10ን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ደብዳቤው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፣ ተስፋው የሚፈጸመው ደግሞ ከ70 ዓመት በኋላ ነው። ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ መመለሱን አያዩትም። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለከተማይቱ ጸልዩ ነው የተባሉት። ይህን አውቀህ ስታነበው ጥቅሱ ይቀላል? እኔ ይበልጥ ይከብድብኛል። እኔ ሞቼ እንኳ የማይቀር ተስፋ ማለት ነው።

ጥቅስ ብቻውን መምዘዝን ዲያብሎስም ያውቅበታል። ማቴዎስ 4 ላይ መዝሙር 91ን (በግሪኩ አቆጣጠር 90) ጠቅሶ ነው ራስህን ወርውር ያለው። ጌታ ሦስቱንም ጊዜ የመለሰው ከዘዳግም ነው፤ ከምዕራፍ 6 እና 8። የእስራኤል የምድረ በዳ ፈተና ከተነገረበት ቦታ። እሱም ያኔ በምድረ በዳ ነበር።

ምሕረት_በዝቶልኛል

አዲስ_ገቢ፣ ከየት ልጀምር ላልከው ከማርቆስ ጀምር። 16 ምዕራፍ ነው፣ ከአራቱ አጭሩ። መጀመሪያ በአንድ ቁጭታ ሙሉውን አንብበው፣ እንደ ታሪክ። ከዚያ ተመልሰህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። አዲስ ኪዳን በሙሉ 260 ምዕራፍ ነው። በሳምንት አምስት ቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ብታነብ በዓመት ያልቃል። የቀሩት ሁለት ቀናት መለስ ብለህ የምታስብባቸው ይሁኑ። ዘሌዋውያን አይጠፋም። ዕብራውያንን ካነበብክ በኋላ ስትመለስበት ራሱ ያናግርሃል።

ያልገባህን ምልክት አድርግና ጠይቅ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስ 53ን እያነበበ ሳለ ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። የንግሥት ባለሥልጣን ነው፣ አላፈረም። አጠገቡ አስቀመጠው።

የደረቀብኝ

ሁሉንም አነበብኩ። እኔ አዲስ አይደለሁም። አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፣ የምችለውን እታዘዛለሁ። ግን ምንም አይሰማኝም። ሌሎች ቃሉ አጽናናኝ ሲሉ እቀናለሁ። እምነቴ የሞተ ይመስለኛል። ሥራ፣ ልጆች፣ ኑሮ... ምናልባት ቃሉ እንዲህ ላለ ሰው ሳይሆን ጊዜ ላለው ይሆናል።

እማማ_ጸሎት

ልጄ፣ እምነቱ የሞተ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም። የሞተ አይርበውም።

ጊዜ ላለው ነው ላልሽው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዘመን መልሶታል። ሰዎች እኛ መነኮሳት አይደለንም፣ ሚስትና ልጅ ሥራም አለን ሲሉት፣ እንግዲያውስ መጽሐፍን ማንበብ ከእነርሱ ይልቅ ለእናንተ ያስፈልጋችኋል አላቸው፤ በየቀኑ የምትቆስሉት እናንተ ናችሁና።

ምንም አይሰማኝም ላልሽው ደግሞ ወደ ኤማሁስ የሚሄዱትን ሁለቱን አስቢ። ጌታ ራሱ መጻሕፍትን እየተረጎመላቸው ነው። ሆኖም አላወቁትም። መንገዱ አልቆ፣ ማዕድ ላይ እንጀራውን ሲቆርስ ነው ያወቁት። «ልባችን ይቃጠልብን አልነበረምን?» ያሉት በኋላ ነው። እየሄዱ ሳለ ፊታቸው የጠወለገ ነበር። ቃሉ ሲሠራ ሁልጊዜ አይታወቅም ልጄ።

አሁን ለአንቺ የሚሆነው መዝሙር ነው። 13ኛውን (12ኛውን) ውሰጂ፣ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» በይው። ይህን ማለት አለማመን ቢሆን ኖሮ በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አይገባም ነበር። 88ኛው (87ኛው) ደግሞ በጨለማ ነው የሚያልቀው። እሱም ቃሉ ነው። ደስ ሲልሽ ብቻ ሳይሆን ሲጨልምብሽም የምትይውን ሰጥቶሻል። በማርቆስ 9 የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ሲል ጌታ አልመለሰውም። ልጁን ፈወሰለት።

ብቻሽን አታንብቢ ደግሞ። አንድ ሰው ፈልጊ። አንቺ ማመን ሲያቅትሽ አጠገብሽ ያለችው ታነብልሻለች።

የደረቀብኝ

እማማ... 88ኛውን አሁን ነው ያነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። የሚያነብልኝ ሰው ግን የለኝም።

ንጋት

እህቴ፣ እኔ አለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍኩልሽ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በስልክ አንድ መዝሙር እናነባለን፣ አንቺ ካልቻልሽ እኔ አነብልሻለሁ።

ለሌሎቻችሁም፣ ማርቆስን አብረን የምናነብበት ሌላ ክር ከፍቻለሁ። ሰኞ በምዕራፍ 1 እንጀምራለን። ሁላችንም ሦስት ነገር ይዘን እንምጣ፤ ስለ ጌታ ያየነውን፣ ያልገባንን፣ በዚያ ሳምንት የምናደርገውን። ጠያቂው፣ ያልገባኝ የሚለውን አንተ ብትመራልን ደስ ይለኛል።

ጠያቂው

እመራለሁ። እንዲያውም አንድ አለኝ። 1፥44 ላይ ለምጻሙን ፈውሶ ለማንም አትናገር የሚለው ለምንድን ነው? ምሥራቹ እንዲሰማ አይደል የመጣው?

የበርያ_ሰው

ወንድሜ፣ 45ን ጨምረህ አንብበውና ሰኞ እንነጋገራለን። ከዚያ በኋላ ጌታ የት መግባት እንዳልቻለ ተመልከት።